የብሌን ስልክ

«ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ጥቁር የለበሰ ሰው ማየት አልፈልግም» አሉ ጋሼ ብርሃኑ፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ።

ሚስታቸው እትዬ ብዙነሽ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። ስድስት ወር ከገላቸው ያልተለየውን ጥቁር ቀሚስ በራሳቸው በኩል ስበው አወለቁና፣ ከሣጥን ሥር ናፍታሊን የሚሸት ቢጫ አበባማ ቀሚስ አውጥተው ለበሱ። የሸዋ ሮቢት ግንቦት ማለዳም ምሕረት የለውም፤ የጥቁሩ ቀለም በላብ እየለቀቀ አንገታቸው ዙሪያ መስመር ሠርቶ ኖሮ፣ በሳሙና ቢፈትጉት ቢፈትጉት አልሄድ አለ። በሐዘን የተቆረጠውን ፀጉራቸውን በቀይ ሻሽ ሸፈኑት፤ ለአንገታቸው ግን መላ አጡለት። ሰላማዊት የበሩን መቃን ተደግፋ ስታያቸው የአጎቷ ሚስት ሰርግ ቤት የሚሄዱ መሰሏት።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የብሌን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጋሼ ብርሃኑ ወንበር ላይ ወጥተው ከማዕዘኑ ላይ የታሰረችውን ጥቁር ሪባን በምላጭ ቆርጠው ኪሳቸው ከተቷት። የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ከመንገድ እንዳይታዩ ተብሎ ጎረቤታቸው እትዬ ኑርሃን ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተከምረዋል። ድንኳኑ የሚተከለው ለብሌን ለቅሶ ነው። ብሌን ግን የሞተችው ኅዳር ላይ ነው፤ ወባ ሦስት ቀን አስተኝቶ ወሰዳት። አርባዋ ወጥቷል፤ ባለፈው ሳምንት መንፈቋም ወጥቷል። ይህን ሮቢት ውስጥ ያልሰማ የለም። ያልሰማችው እናቷ ብቻ ናት፤ እናቷ ደግሞ ዛሬ ትመጣለች።

እናትዮዋ ፈለቀች የጋሼ ብርሃኑ ታናሽ እህት ናት። ብሌንን ለወንድሟ አደራ ሰጥታ ጅቡቲ ከገባች፣ ፈረንሳዮች ቤትም ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ኅዳር ላይ፣ ልጅቱ እዚህ ስትሞት፣ እሷ እዚያ ቀዶ ጥገና አድርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ማን ይይዘዋል፣ ማን ውሃ ያቀምሰዋል? «ትንሽ ትጠንክር» ተባለ። ስትጠነክር «ገናን ትዋልበት» ተባለ። ከገና በኋላ ጾም ገባ፤ በጾም ደግሞ ባዶ አንጀቷን እንዴት ይሆናል? ፋሲካም መጥቶ ሄደ። ሐሜተኛው ነገሩን ሁሉ ከጅቡቲ በሚላከው ብር ተረጎመው፤ ሐሜተኛ መቼም ሥራ አያጣም። እውነቱ ግን ጋሼ ብርሃኑ ፈርተው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሳቸው በድንጋጤ የታጠቁትን ውሸት ስድስት ወር ሙሉ ሲያጠባብቁት ከረሙ። ማጥበቂያው ገመድ ደግሞ ሰላማዊት ነበረች።

ሰላማዊት የሟች እህታቸው ልጅ ናት። እናቷ በአራት ዓመቷ ሞተችባትና ከብሌን ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝታ፣ አንድ ሳህን በልታ እዚሁ ቤት አደገች። የሁለቱ መልክ አይገናኝም፤ ብሌን ቀይ፣ አጭር፣ ሰላማዊት ጠይም፣ ዘንካታ። ድምፃቸውን ግን ጋሼ ብርሃኑም ከበር ውጭ ሆነው ለይተውት አያውቁም። ብሌን በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ እንደሞላ፣ ሰላማዊት እጅ ላይ የነበረው የብሌን ስልክ ጮኸ። አንሥታ «ሃሎ» ብቻ ነው ያለችው።

«ብሌንዬ፣ ምነው ልጄ ድምፅሽ ጠፋ?»

ሰላማዊት አጎቷን አየቻቸው። ጋሼ ብርሃኑ ከለቀስተኛው መሀል እጃቸውን አወዛወዙ፤ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «አሞኝ ነበር፣ እማዬ» አለች ሰላማዊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያንን ቃል የሚመልሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ካሜራ ተሰበረ ተባለ፤ ሲጠየቅ የቆየ ፎቶ ተላከ። ፈለቀች ሰላማዊትስ የት ሄደች ስትል ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዛለች ተባለ። አንድ ቀን «ያቺ ልጅ ጨርሳ ረሳችኝ አይደል? ድምጿን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ» ብትላት፣ ሰላማዊት ስለ ራሷ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ መለሰች። ያን ዕለት ስልኩን ከዘጋች በኋላ መስተዋት ፊት ቆማ ቆየች።

ይህን ሁሉ በግድ ነው ያደረገችው ቢባል ግን ግማሹ ውሸት ነው። ከአራት ዓመቷ ወዲህ ልጄ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ወር ላይ የስልኩን ጥሪ መጠበቅ ጀመረች፤ በሦስተኛው ሳይደወል የዋለ ቀን እህል አልቀምስ ይላት ነበር። ብሌንን ትወዳት ነበር፣ አብራ አልቅሳ ቀብራታለች። የብሌንን እናት ግን መልሳ መስጠት አልፈለገችም። ይህን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ይልማ ቁርስ ሳይቀርብ መጡና ነገሩን ደነገጉ። «መንገዱን ሙሉ መደወሏ አይቀርም። አንሺላት፣ አጫውቻት፣ ሳቂላት። ልክ መኪናው ሲቆም ስልኩን አጥፊና ጓዳ ግቢ። ድምፅሽን እንዳትሰማ። ሁለት ጉርሻ ከቀመሰች በኋላ እኛ እንነግራታለን።»

«አባ፣ እኔ ቀስ አድርጌ በስልክ ብነግራትስ?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ ቄሱ።

የጋሼ ብርሃኑ ሱቅ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ሆኖ በሩ ወደ ዋናው መንገድ ነው። ሳሙና፣ ዘይት፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ማሾ በኪሎ ይሸጥበታል። ሰላማዊት እዚያ ተቀመጠች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮምቦልቻ ያደረችው ፈለቀች ደወለች። ድንበር ላይ የገዛችው የአገር ቤት ሲም ካርድ ድምጿን በጣም ቅርብ አድርጎታል፤ የጅቡቲው ስልክ ከጀርባው የባሕር ነፋስ የመሰለ ሹክሹክታ ነበረበት፤ አሁን እሱ ጠፋና ሴትዮዋ ባንኮኒው ሥር የተቀመጠች መሰለች።

«ቦንዡር፣ ማድሟዜል» አለች በፈረንሳይኛ ሰላምታ፣ ሁልጊዜ እንደምትጀምረው።

«ቦንዡር፣ ማዳም።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ፈለቀች ልጇን ጅቡቲ ወስዳ ሽቶና ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ልታስቀጥር ቃል ተቀብላለች። ሻጯ ፈረንሳይኛ መቻል አለባት። ፈለቀች ራሷ የምታውቀው ዘጠኝ ዓመት የእቃ ዝርዝር ይዛ ባንኮኒ ፊት ስትቆም የለቀመችውን ብቻ ነው፤ ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ሃይማኖት በፈረንሳይኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር አይወጣትም፤ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ግን ከነጨዋነቱ ትገዛለች። ያንኑ በስልክ ታስተምራለች። አንድ ቀን እሷ ሻጭ ልጇ ገዢ፣ በማግስቱ ተገላቢጦሽ። «ዠ ቩድሬ» ይባላል አንድ ነገር ሲፈለግ፤ «ሴ ኮምብያን?» ሲባል ዋጋው ስንት ነው ማለት ነው፤ ከተወደደ «ሴ ትሮ ሼር»፤ ከተስማማ «ዠ ለ ፕራን»፣ እወስደዋለሁ። ሰላማዊት ሁሉንም በብሌን ደብተር ላይ፣ ብሌን ካቆመችበት ገጽ ቀጥላ በፊደል ጽፋቸዋለች። የሁለቱ የእጅ ጽሑፍ የሚለያየው በቀለሙ ብቻ ነው።

«ዛሬ ገዢዋ አንቺ ነሽ። ምን ልስጥሽ?»

«ዠ ቩድሬ አን ኪሎ ደ ቶማት።»

«ቮዋላ፣ ይኸውልሽ። ሌላስ?»

«ሴ ኮምብያን?»

«አምስት መቶ ፍራንክ።»

«ሴ ትሮ ሼር!»

ፈለቀች ሳቀች። «አይ እንደሱ በቁጣ አይደለም፣ ልጄ። የሮቢት ገበያ ሽንኩርት ገዢ ሆንሽብኝ። እዚያ ሲወደድብሽም ፈገግ ብለሽ ነው የምትይው። ካልገዛሽም እኮ ነውር የለውም፤ ዠ ርጋርድ ሰልማን ትያለሽ፣ ዝም ብዬ እያየሁ ነው። እቃውን ነክተሽ፣ አሽትተሽ፣ መልሰሽ ታስቀምጫለሽ፤ ማንም ሌባ አይልሽም።»

እትዬ ኑርሃን ሳሙና ሊገዙ የገቡት ይኼኔ ነው። ብሌንን ያጠበው ውሃ የተቀዳው ከእሳቸው ቧንቧ ነበር። ከደጃፉ ቆመው ሰላማዊት በሟቿ ድምፅ፣ በማያውቁት ቋንቋ ስትስቅ ሰሟት። ሰላማዊት ሳቋን ሳታቋርጥ የሳሙናውን ዋጋ በጣቷ አሳየቻቸው። እትዬ ኑርሃን ብሩን ባንኮኒው ላይ አኖሩ፤ «ኢንና ሊላሂ» አሉ፣ ሞት ሲሰማ እንደሚባለው፣ ከከንፈራቸው ሳይወጣ፤ ሳሙናውን ረስተው ሄዱ። መልሳ ልትጠራቸው አልቻለችም፤ በምን ድምፅ ትጠራቸዋለች?

ስድስት ሰዓት ላይ ከከሚሴ ተደወለ። ሚኒባሱ ለምሳ ቆሟል። እትዬ ብዙነሽ ለሰላማዊት ምሳ ይዘው ሱቁ ገብተው ነበር፤ ስልኩ ሲጮኽ ሳህኑን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። «ኬል ፖንቲዩር?» አለች ፈለቀች፤ የጫማ ቁጥር ስንት ነው ማለት ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ተምረውታል። ለብሌን ጅቡቲ የገዛችውን ክፍት ጫማ መኪና ውስጥ ደግማ ስታየው ጥርጣሬ ገባት። «እግርሽ አድጎ ይሆን? ከተነሣሁ ጀምሮ ስለ እሱ ነው የማስበው። ከጠበበሽ እዚህ ልለውጠው፣ ከሚሴም ጫማ ሞልቷል።»

«ትራንት ሴት» አለች ሰላማዊት። ሠላሳ ሰባት። «አላደገም፣ እማዬ። እንደነበረ ነው።» የራሷ እግር አርባ ነው፤ ማንም ሳያይባት ባንኮኒው ሥር ወደ ኋላ ሳበችው። እትዬ ብዙነሽ ሳህኑን አስቀምጠው አንገታቸውን በሻሻቸው ጫፍ መፈተግ ጀመሩ። እትዬ ብዙነሽ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ስድስት ወር ሙሉ ሰላማዊት በስልክ ስትሆን ከክፍሉ ይወጡ ነበር እንጂ አንድ ቀን ተይ ብለዋት አያውቁም። ዛሬ ግን አልወጡም። ሰላማዊት ስትበላ አጠገቧ ቆመው አዩዋት፤ አንዴ እጃቸውን ወደ ጉሮሮዋ ዘርግተው ሊነኳት ሲሉ መለሱት። የሚያዩት እሷን ይሁን ሌላዋን መለየት አቃታት።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ በሙቀት ተንቀጠቀጠ። ማንጎ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ባዶዎቹ ወደ ሰሜን ያልፋሉ። የመንደሩ ሰው በተለመደው ሰዓት ሱቁ አይመጣም፤ የሚያልፈውም ደጃፉ ጋ ሲደርስ እርምጃ ይጨምራል። ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ፣ ነጠላውን ደርቦ፣ የመኪና ጡሩምባ ይጠብቃል። ከጀርባ በኩል ባለው ግቢ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ የለቅሶ ወጥ ይሠራል፤ የሚሠራላት ሐዘንተኛ ግን መኪና ውስጥ ሆና እየዘፈነች ትመጣለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከአጣዬ የተደወለው ጨዋታ አልነበረውም። ፈለቀች ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያወራችው፤ አጠገቧ ያለው ተሳፋሪ ተኝቷል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳልነግርሽ የቀረሁት። ኅዳር ላይ ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ሌሊት ሙሉ ስምሽን ስጠራ አደርኩ አሉኝ። ነርሷ ናት የነገረችኝ፤ እኔ አላውቀውም። በማግስቱ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ደወልኩና ድምፅሽን ሰማሁት። ያን ቀን ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በሕይወት ያለሁት ባንቺ ድምፅ ነው፣ ልጄ። ይሄን ፊት ለፊት ልነግርሽ ነበር፤ አላስችል አለኝ።»

ሰላማዊት ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። የብሌን ስም ሲጠራ ያደረበት ሌሊት ራሷ ብሌን ያጣጣረችበት ሌሊት ነው። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። «እሺ፣ እማዬ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ሱቁን ክፍት ትታ ሳሎን ገባች። ጋሼ ብርሃኑ ከፎቶግራፉ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በነጭ ሸሚዛቸው ውስጥ ያነሱ መስለዋል።

«ጋሼ፣ አልችልም። አሁኑኑ ይነገራት። ቆይቶ ስትሰማ ሁለት ነው የምትቀብረው።»

«መኪና ውስጥ? ከማታውቀው ሰው መሀል? ብትወድቅ ማን ያነሣታል?» አሉ። ቆይተው ደግሞ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእግዚአብሔርም ለእሷም የምመልሰው እኔ ነኝ። ዛሬን ብቻ ጨርሺልኝ፣ ሰላም።»

በስሟ ሲጠሯት ደነገጠች። ስድስት ወር ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሌላ ሰው መሆን ለምዳ፣ ስሟ የሩቅ ዘመድ ስም መስሎ ተሰማት። ከዛሬ በኋላ ሰላም ብቻ ትሆናለች፤ ልጄ የሚላት ድምፅ ያልቃል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚረግማት እሷ ናት የምታውቀው። ጋሼ ብርሃኑ የፈሩት የእህታቸውን ሞት ነው። ሰላማዊት የፈራችው ሴትዮዋ በሕይወት ኖራ ዳግመኛ እንዳትደውልላት ነው። በዚህም አፈረች፤ ብታፍርም ፍርሃቱ አልተዋትም።

የመጨረሻው ጥሪ ከጀውሃ ነበር። «ደረስኩ፣ ደረስኩ! ጀውሃን አለፍን። ከመንገዱ ዳር ቆመሽ ጠብቂኝ፤ ከሩቅ ልይሽ።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«የሸሚዝሽ ቀለም ምንድነው? በመስኮት እንድለይሽ።»

ሰላማዊት የለበሰችውን ዝቅ ብላ አየች። «ሰማያዊ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ሱቁን ዘግታ ጓዳ ገባች። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ከሳሎን የሚለየው ወለሉ ላይ የማይደርስ መጋረጃ ነው። የማሾ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን የስልኩ ማጥፊያ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጡሩምባ ሲነፋ፣ የመኪና በር ሲንሸራተት፣ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በስልክ ብቻ የምታውቀው ድምፅ በነፋስ ሲመጣ ሰማች። «የት አለች? መንገድ ላይ ጠብቂኝ ብያት!»

«ትመጣለች፣ መጀመሪያ ግቢ፣ እህል ቅመሺ» አሉ ጋሼ ብርሃኑ።

በመጋረጃው ሥር የሚታያት እግር ብቻ ነው። አቧራ የለበሰ የሴት ጫማ ገባ፤ ተቀመጠ፤ ሳህን ሲቀርብ፣ «እትዬ ብዙዬ፣ አማረብሽ እኮ በዚህ ቀሚስ» ሲባል ተሰማ። ከዚያ ሌሎች እግሮች መግባት ጀመሩ። ማንም ጮክ ብሎ ሰላም አላለም። የፕላስቲክ ጫማ፣ ሸራ፣ የቄስ ይልማ ጥቁር ቆዳ፣ የእትዬ ኑርሃን ነጠላ ጫማ፣ አንድ በአንድ ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። ሁሉም ወደ አንዲቱ ወደ አቧራማዋ ዞረዋል። የቦታ ጥበት አንዳንዱን ከመጋረጃው ጋር አስጠጋው፤ ሰላማዊት እጇን ብትዘረጋ ተረከዛቸውን ትነካ ነበር።

«ምነው ሰው በዛ?» አለች ፈለቀች። ጉርሻዋን ስታኝክ ነበር፤ ማኘኳ ቆመ። «ጋሼ? ምንድነው?»

ቄስ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ፈለቀች፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ…»

«ማን ነው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ራሷ መቁጠር ጀመረች፤ ድምጿ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ይሰማል። «ጋሼ አለ። ብዙዬ አለች። ብሌን…አሁን አናግሬያታለሁ። ሰላም?» ዝም አለ ቤቱ። «ሰላም ናት አይደል? ደብረ ብርሃን ያለችው? ስድስት ወር ድምጿ የጠፋው ለዚህ ነው! ወይኔ የእህቴ ልጅ፣ ወይኔ እናት የሌላት፣ ረሳችኝ ስል ነበር እኮ፣ ስወቅሳት ነበር እኮ፣ ወይኔ ሰላሜን!»

ጓዳ ውስጥ ሰላማዊት አፏን ከፍታ ቀረች። የራሷ ለቅሶ ነው የምትሰማው። ደረት ሲመታ ሰማች፤ ስሟ ሲቆላመጥ ሰማች፤ በሕይወቷ ማንም እንዲህ አድርጎ ጠርቷት አያውቅም። አንድ አፍታ፣ እውነት ሞታ ቢሆን ኖሮ ብላ ተመኘች።

«ሰላም አይደለችም» አሉ ጋሼ ብርሃኑ። «ብሌን ናት፣ እህቴ። ኅዳር ላይ።»

ለቅሶው ተቆረጠ። ፈለቀች በረጅሙ ተነፈሰችና ትንሽ ሳቀች፤ ከለቅሶዋ ይልቅ ሳቋ አስፈሪ ነበር። «ምን ሆናችኋል? ጀውሃ ላይ አናገርኳት እኮ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ አለችኝ። እንካችሁ፣ ራሷ ትንገራችሁ።» ቦርሳ ሲከፈት ተሰማ።

ሰላማዊት ስልኩን እንድታጠፋው ታዛ ነበር፤ ጣቷም ማጥፊያው ላይ ነበር። ለምን እንዳላጠፋችው ታውቃለች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ብትጠራት ፈልጋ ነው።

ብሌን የመረጠችው የመሰንቆ ዜማ ጓዳው ውስጥ ጮኸ። ሳሎን ያለው እግር ሁሉ ባለበት ደረቀ። እነዚህ ሰዎች ቀባሪዎቿ ናቸው፤ አፈሯን ያለበሱት እነሱ ናቸው፤ ስልኩን ማን እንደያዘውም ልቅም አድርገው ያውቃሉ። ቢሆንም አንዷ ሴት አማተበች፤ ሌላዋ ወንበሯን ከመጋረጃው አራቀች።

«ይኸው» አለች ፈለቀች። «ይኸው፣ ቤት ውስጥ ናት።»

መጋረጃው ተገለጠ። ፈለቀች ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቆማለች፤ ሰላማዊት ከጠበቀቻት ያነሰች፣ የከሳች፣ ጥቂት የጎበጠች ሴት ናት። ጆንያው ላይ የተቀመጠችውን ጠይም ልጅ አየቻት፤ ሰማያዊ ሸሚዟን አየች፤ ጉልበቷ ላይ የሚያበራውን ስልክ አየች። መሰንቆው አሁንም ይጮሃል። ፈለቀች ለረጅም ጊዜ ካየቻት በኋላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«አንሺው» አለች።

ሰላማዊት አነሣችው።

«ብሌንዬ» አለች ፈለቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። ድምጿ በስልኩም በአየሩም እኩል መጣ። «ሰዎቹ ሞታለች ይሉኛል። እኔ አላመንኳቸውም። አንቺ ንገሪኝ።»

የለም እማዬ፣ አለሁ ብትላት ሴትዮዋ እንደምታምናት ሰላማዊት አወቀች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ሳታይ፣ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ታምናታለች። እናት ይኖራታል። አልፈለገችም ማለት ውሸት ነው።

«እውነታቸውን ነው፣ እማዬ» አለች። ድምጿን ልትለውጥ ሞከረች፤ ሌላ ድምፅ ግን አልነበራትም። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሊነጋ ሲል። ስምሽን ጠርታለች። እኔ ነኝ ያጠብኳት። ሰላማዊት ነኝ።»

ቄሱ የነገሯት ያልገባት፣ ወንድሟ የነገሯት ያልገባት ሴት በልጇ ድምፅ ሲነገራት ገባት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ዞራ መጣች፣ ጆንያው ፊት ተንበረከከች። ሰላማዊት ትመታኛለች ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ፈለቀች ግን በመዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘችው፣ ሌላ አንድም ቃል እንዳይወጣ አድርጋ፤ በሌላው እጇ አንገቷን አቅፋ ወደ ደረቷ ጎተተቻትና ልጇን እየጠራች ጮኸች። ሳሎን ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። ሰላማዊትም አለቀሰች፤ እንባዋ በአክስቷ ጣቶች መሀል ወረደ። ፈለቀች ግን እጇን ከአፏ ላይ አላነሣችም።